የጋሽ ያዕቆብ ችንካሮች

ስልኬ ሲጮህ ቴፒ ገበያ ውስጥ ሙዝ እያስመዘንኩ ነበር። የደወለችው እትዬ ራሔል ናት፣ የጋሽ ያዕቆብ ባለቤት። ድምፅዋ ረጋ ያለ ነበር። «ሲስተር፣ ያዕቆብ ትናንት አረፈ። ቀብሩ ነገ ነው። ከቀብር በኋላ ታንኳዎቹ ይጠራሉ። እንድትመጪ ብዬ ነው» አለችኝ። ሙዙን ሚዛኑ ላይ ትቼ መሄዴን ያወቅሁት ሻጯ ከኋላዬ ስትጣራ ነው።

ታንኳዎቹ ይጠራሉ የሚባለው የእነሱ ቤት ልማድ ነው። ከቤተሰቡ ታንኳ ጠራቢ ሲሞት፣ ለቀስተኛው ከቀብር መልስ ወንዙ ዳር ይቀመጥና አንድ ዘመድ ተነሥቶ ከአያታቸው ጀምሮ በዚያ ቤት የተጠረቡትን ታንኳዎች አንድ በአንድ ይናገራል። ዛፉ ምን እንደነበር፣ የት እንደቆመ፣ ማን እንደጠረበው፣ ማንን እንዳሻገረ፣ በመጨረሻም ምን እንደሆነ ይነገራል። የተጻፈ ነገር የለም። እዚያ የተባለው ነው የሚቀረው። እኔን ያስጨነቀኝም ይኸው ነው። ስለ መጨረሻዋ ታንኳ የሚነገረው ታሪክ ልክ እንዳልሆነ የምናውቀው እኔና ጋሽ ያዕቆብ ብቻ ነን ብዬ አስብ ነበር፤ አሁን ደግሞ እሱ የለም።

ከነርስነት ትምህርት እንደተመረቅሁ የተመደብኩት ከቴፒ ወደ ቆላው በሚወርደው መንገድ፣ ወንዝ ዳር ካለች አንዲት ጤና ኬላ ነበር። ያደግሁት ሚዛን ነው፤ ወላጆቼ ከሰሜን የመጡ አስተማሪዎች ናቸው። ታንኳ የሚባል ነገር በመማሪያ መጽሐፍ ሥዕል ካልሆነ አይቼ አላውቅም። ጤና ኬላዋ ከወንዙ ወዲህ፣ ከምታገለግላቸው መንደሮች ሦስቱ ደግሞ ከወንዙ ወዲያ ናቸው። ድልድይ የለም። በበጋ ጎበዝ ሰው እስከ ወገቡ ገብቶ ይሻገራል። ክረምት ሲገባ ግን ምጥ የያዛት ሴት የምትመጣው በታንኳ ብቻ ነው፤ ያቺ ታንኳ ከሌለች አትመጣም።

በመጀመሪያው ቀን የክትባት ሳጥኔን ታቅፌ ዳር ላይ ቆሜ ስንቀጠቀጥ፣ አንድ ረጅም፣ ሸበቶ፣ እጁ የሥራ ጫማ ሶል የሚያህል ሰው መጣና ሳጥኑን ተቀበለኝ። «እርስዎ ነዎት ጋሽ ያዕቆብ?» አልኩት። ዞር ብሎ ከኋላው ማን እንዳለ አየ። «ስንት ሰው ነው የቆመው? እኔ አንድ ነኝ። አንተ በይኝ» አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋሼ እያልኩ አንተ አልኩት። እሱ ደግሞ እስኪሞት ድረስ ስሜን አንድ ቀን እንኳ ሳይጠራ ሲስተር ብሎኝ አለፈ።

ቀዛፊው ታናሽ ወንድሙ ሉቃስ ነው። ጋሽ ያዕቆብ አይቀዝፍም፤ እሱ ጠራቢ ነው። ስንሻገር ግን ብዙ ጊዜ አብሮን ይሆንና ስለ ታንኳዎቹ ያጫውተኛል። አያቱ የጠረቧት የመጀመሪያዋ ከሾላ ነበረች፤ ሾላ ቶሎ ውኃ ይጠጣል፣ ከሦስት ክረምት አላለፈችም፣ ኋላ የከብት ጨው መላሻ ሆነች። አባቱ ከዋንዛ የጠረቧት አንዷ ታንኳ፣ ሙሽራ ከነሚዜዎቿ ጭና መሃል ወንዝ ላይ ሙሽራይቱ ብድግ ብላ መዝሙር ስትጀምር ልትገለበጥ ምንም አልቀራትም ነበር። ያቺ ሙሽራ እትዬ ራሔል ናት። «ያኔ የያዝኳት እስከ ዛሬ አልለቀቅኋትም» ይላል። እትዬ ራሔል ከሰማች «ታንኳዋን ነው የያዝከው እንጂ እኔንማ ረስተኸኝ ነበር» ትለዋለች። ይህን ክርክር ቢያንስ ሃያ ጊዜ ሰምቻለሁ፤ ሁለቱም አይሰለቻቸውም።

በአንድ ወቅት ከከተማ በመኪና የመጣች ባለጣውላ ጀልባም ነበረች። ሰማያዊ ቀለም የተቀባች፣ በምስማር የተመታች። ምስማሮቹ በሁለተኛው ዓመት ዛጉ፣ ጣውላዎቹም ተላቀቁ። እኔ ስደርስ ተገልብጣ የአንድ ሱቅ በረንዳ ጣሪያ ሆናለች። ጋሽ ያዕቆብ ባጠገቧ ባለፈ ቁጥር ባርኔጣውን ያነሣላታል። «እንግዳ ናት፣ ማክበር ነው» ይላል። መቀለዱ ይሁን ከልቡ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

እዚያ በሠራሁ በአራተኛው ዓመት የነበረችው ታንኳ ከአፍንጫዋ ጀምሮ መሰንጠቅ ጀመረች። ሉቃስ አንድ እጁ ይቀዝፋል፣ አንድ እጁ ውኃ ይቀዳል። ዛፍ መቁረጥ ደግሞ እንደ ድሮው በፈለጉት ሰዓት አይደለም። ጫካው ጥብቅ ነው። የቀበሌው ሊቀመንበር አቶ በላይ ወረዳ ሲመላለስ ከርሞ የአንድ ዛፍ ፈቃድ ይዞ መጣ። አንድ ብቻ። «ጋሽ ያዕቆብ፣ ይኼ ከተበላሸ ሌላ የለም፤ እኔም ደግሜ ፊታቸው አልቀርብም» አለው በሰው ፊት። ክረምቱ ሊገባ የቀረው ሁለት ወር ተኩል ነበር።

የተፈቀደው ዛፍ ቀረሮ ነው፤ ቀጥ ያለ፣ ውስጡ ነጣ ያለ እንጨት። ተጥሎ ወንዙ ዳር እስኪደርስ አገር ሁሉ ጎተተ። ጋሽ ያዕቆብ በመጀመሪያ የውጭውን ገላ ቅርጽ አወጣ። ቀጥሎ ያደረገውን ሳይ ግን ጮኼ ላስቆመው ምንም አልቀረኝም። ብረት አግሎ የታንኳዋን ሆድና ጎን ከውጭ ይበሳሳው ገባ። «ጋሼ፣ ምን እያደረግክ ነው? ውኃ ሊያስገባ አይደለም እንዴ?» አልኩት። ሳቀብኝ። ከዚያ ከጆንያ ውስጥ የእንጨት ችንካሮች አወጣ። ከአሮጌዋ ታንኳ የተቆረጡ ናቸው፤ ስንት ዓመት ውኃ ውስጥ የኖረ ዋንዛ ስለሆነ እንደ ከሰል ጠቁረው ጠንክረዋል። ለጎኑ የሁለት ጣት ርዝመት ያላቸው፣ ለወለሉ ደግሞ የአራት ጣት። እያንዳንዱን በቀዳዳው ውስጥ መትቶ አስገባና ታንኳዋን ገለበጣት።

«አሁን ከውስጥ እቆፍራለሁ» አለኝ። «ስቆፍር ስቆፍር የችንካሩ ጫፍ ብቅ ሲል፣ በቃ ይለኛል። ከዚያ በላይ አልነካም። አሮጌዋ ናት ለአዲሷ ልኩን የምትነግራት። አባቴም እንደዚህ ነበር፣ አባቱም።»

የመጥረቢያው አፍ እንደ ዶማ የተጋደመ ነው። ቆሞ ወደ ራሱ እየመታ ነጩን እንጨት ፍልጥ ፍልጥ ያደርገዋል፤ ትንሽ ይቆፍርና ተንበርክኮ በመዳፉ ይዳስሳል፤ ደግሞ ይቆፍራል። መዳሰሱን እንደ ጥንቃቄ ነበር ያየሁት። አንድ ቀን ግን ሰላም ሳልል ፊት ለፊቱ ሄጄ ቆምኩ። ቀና አለ፣ አየኝ፣ ዝም አለ። ፈገግ አልኩለት። «ማነህ?» አለኝ።

ለአንድ ነርስ ከዚህ በላይ ምርመራ አያስፈልግም፤ እኔ ግን ጤና ኬላ ወስጄ አስቀመጥኩት። ጣቶቼን ዘርግቼ «ስንት ነው?» ስለው «ስንት ቢሆን ደስ ይልሻል?» አለኝ። ሁለቱም ዓይኑ በሞራ ግርዶሽ ተጋርዷል። ብርሃንና ጥላ ካልሆነ የሚያየው አልነበረም። መንገዱን በእግሩ፣ ሰውን በድምፁ፣ መሣሪያውን በቦታው ያውቃል፤ በዚህ ሁሉንም ሸውዷል። ሚዛን ሄዶ በቀዶ ሕክምና ሊድን እንደሚችል ነገርኩት፤ ዛሬውኑ ሪፈር ልጽፍለት ወረቀት ሁሉ አወጣሁ።

«እርጥቡ እንጨት አይጠብቀኝም» አለ። «ትቼው ከሄድኩ ፀሐይ ይሰነጥቀዋል። ታንኳዋ ውኃ ትግባ፣ ያኔ የምትይኝ ቦታ እሄዳለሁ። አሁን ግን አታይም ከተባልኩ ሊቀመንበሩ መጥረቢያውን ይቀበለኛል። እንዲህ የሚጠርብ ደግሞ ሌላ ሰው የለም። ሲስተር፣ አንቺ የበሽተኛ ምስጢር ትጠብቂያለሽ አይደል?»

«እጠብቃለሁ፤ ግን ጋሼ...»

«ችንካሮቹን ባይኔ አይደለም የማያቸው» ብሎ እጄን ያዘና ወደ ታንኳዋ ወሰደኝ። ጣቴን ወለሉ ላይ አስኬደው። ለስላሳው ቀረሮ በመጥረቢያ ሲላጥ ጠንካራው ችንካር እንደ ሽንብራ ፍሬ ጉብ ብሎ ይቀራል። እውነትም በጣት ይታወቃል። ጎኑን አንኳኩቶ በጆሮም ይለየዋል፤ ወለሉ ግን ጭቃ ላይ ተደላድሎ ስለተቀመጠ ድምፁ ድፍን ነው፤ ለወለሉ ያለው ጣቱ ብቻ ነው። አመንኩት። ምስጢሩንም ጠበቅሁ።

እናቴ ከልጅነቴ ጀምራ «እጅሽ አያርፍም» ትለኝ ነበር። ትክክል ናት።

ወለሉ መሃል ላይ ተቆፍሮ ሊያልቅ ሲል፣ አንድ እሑድ ሰው ሁሉ ጸሎት ቤት ሳለ ታንኳዋ ውስጥ ገብቼ በጀርባዬ ተጋደምኩ። ምጥ የያዛት ሴት የምትተኛው እዚያ ስለሆነ እንዴት እንደሚሆን ልሞክረው ነበር። ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ጉብ ጉብ ያሉት፣ እሱ ገና ያልዳሰሳቸው የችንካር ጫፎች ወገቤን ቆረቆሩኝ። በዚያች ሰዓት የመጣልኝ እነዚያ የተሰነጠቀች ታንኳ ውስጥ ተንጋለው እያቃሰቱ የመጡ ሴቶች ናቸው። ቢያንስ ይኼ ይቅርላቸው አልኩ። እዚያው ጥላ ሥር የመጥረቢያ መሳያ ሞረድ ነበር። አንሥቼ መሃል ወለሉ ላይ ያሉትን አሥራ ሁለቱን ጉብታዎች ሞርጄ ሞርጄ ከወለሉ ጋር እኩል አደረግኋቸው። ጥቁር ነጥቦቹ ለዓይን ቁልጭ ብለው ይታያሉ። ለጣት ግን የሉም። ይህ አልታየኝም! ዓይኑን የመረመርኩት እኔ፣ ጣቱን ተከትዬ የዳሰስኩት እኔ፣ የሰውየውን ዓይን በሞረድ አጥፍቼ በሥራዬ ኮርቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ሰኞ በሽተኛ በዝቶብኝ ወንዝ የወረድኩት ወደ እኩለ ቀን ነው። ጋሽ ያዕቆብ መሃል ወለሉን ይቆፍራል። ከእግሩ ሥር ነጭ ፍልጥ ተከምሯል፤ በነጩ ፍልጥ ውስጥ ጥቁር ቁርጥራጭ አየሁ። የችንካሮቹ ቁራጭ። በመጀመሪያ ምን እንደሆነ አልገባኝም፤ ሲገባኝ ጮህኩ።

«ጋሼ ቁም! አትምታ!»

መጥረቢያው አየር ላይ ቆመ። ተንበርክኮ ዳሰሰ፣ ደግሞ ዳሰሰ። ከጎን ያለው ጉብታ አለ፣ መሃሉ ላይ የለም። ጭቃውን ከሥር ጫር አድርጎ አንድ መዳፉን ከታች፣ አንዱን ከላይ አደረገና ውፍረቱን ለካ። ከአራት ጣት አንድ ጣት እንኳ አልቀረም። አንድ ክንድ በሚያህል ቦታ ላይ ወለሉ ሳስቷል። ሰው ቢረግጠው ይበሳል።

«ማነው ያለሰለሰው?» አለ ቀስ ብሎ።

«እኔ ነኝ። ሴቶቹን ይቆረቁራል ብዬ... በሞረድ... ጋሼ፣ እኔ...»

ይቆጣኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። «ተኝተሽ ሞከርሽው?» አለኝ። አዎ አልኩት። «እኔ አንድም ቀን ተኝቼ አልሞከርኩትም» አለ።

ጩኸቴን የሰማው አቶ በላይ ሰዎች አስከትሎ ደረሰ። የሳሳውን ቦታ ሲያይ እጁን ራሱ ላይ ጫነ። «አለቀልን! በገዛ እጃችን አለቀልን! ማን ነው ይኼን ያደረገው?» አፌን ከፈትኩ። ጋሽ ያዕቆብ ክንዴን ያዝ አደረገኝና ቀደመኝ።

«ዓይኔ ነው በላይ። አላይም። ከዓመት በላይ ሆነኝ። ችንካሩ አልታየኝም፣ አልፌው ሄድኩ። ሲስተር ደርሳ ባታስቆመኝ ጨርሶ እበሳው ነበር።»

የአካባቢው ብቸኛ ጠራቢ ዓይን የለኝም ብሎ በአደባባይ ተናገረ፤ ያን ያህል የደበቀውን ነገር ለእኔ ሲል አወጣው። እኔስ? ዝም አልኩ። የሃያ ስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ እናቶች ልጃቸውን የሚሰጡኝ ስላመኑኝ ነው፣ ካወቁ ማን ያምነኛል ብዬ ፈራሁ። ማታ ቤቱ ሄጄ «ነገ እናገራለሁ» ስለው «አንቺን ካላመኑሽ መርፌሽን ማን ይወጋል? እኔ ሽማግሌ ነኝ፣ ዓይኔም እውነት ነው የጠፋው። ምን ዋሸሁ?» አለኝ።

ታንኳዋን ያዳናት አሮጌዋ ናት። ጋሽ ያዕቆብ ከሆዷ ጥሩ ሆኖ የቀረውን አንድ ወፍራም እንጨት እንደ ገበታ ቆርጦ በሳሳው ቦታ ላይ ከውስጥ ገጠመው። ሉቃስ ዓይን ሆኖ፣ እሱ እጅ ሆኖ፣ ዙሪያውን በችንካር መቱት፤ ጠርዙን በሰምና በሙጫ ደፈኑት። ሥራው አሥራ አንድ ቀን ፈጀ። ገበታው ጥቁር፣ ለስላሳ፣ በስንት ሰው እግርና ወገብ የተወለወለ ነው። ሴቶቹ የሚተኙት እሱ ላይ ሆነ። ምንም አይቆረቁርም። ዝናቡ የመጀመሪያውን ሳምንት ሲጥል ታንኳዋ ውኃ ገባች፤ በዚያው ክረምት ሰባት እናቶች ተሻግረውባታል።

የዓይኑ ምስጢር ከወጣ በኋላ አገሬው ተረባርቦ ጋሽ ያዕቆብን ሚዛን ወስዶ አሳከመው። የቀኝ ዓይኑ ተከፈተ። ፋሻው ተፈትቶ ሲመለስ ወንዝ ዳር ጠበቅሁት። በመጀመሪያ ታንኳዋን ዞሮ ዞሮ አያትና «ወይ ስታስጠላ! ያላየሁት ይሻል ነበር» አለ። ቀጥሎ እኔን አየኝ። «በድምፅሽ ወፍራም መስለሽኝ ነበር» አለኝ። ሳቅሁ፤ ወዲያው ደግሞ አለቀስኩ። ያን ነገር ልናገር ባልኩት ቁጥር «ለዓይኔ ያበቃኝ ታሪክ ነው፣ አትንኪብኝ» ይለኝ ነበር። ወደ ቴፒ ስዛወር የተሰናበተኝም እንዲሁ ነው።

የቀብሩ ዕለት አስከሬኑ በዚያችው ታንኳ ተሻገረ፤ መቃብሩ የአባቶቹ ሠፈር ከወንዙ ወዲያ ነው። ሉቃስ ቀዘፈ። ሣጥኑ ጥቁሩ ገበታ ላይ ነበር። ከቀብር ስንመለስ ሰዉ ወንዙ ዳር ሣር ላይ ተቀመጠ፤ ሉቃስ ተነሥቶ መጥራት ጀመረ። በአገራቸው ቋንቋ ይልና ለእንግዶች ሲል ደግሞ በአማርኛ ይመልሰዋል። ሾላዋ፣ ሦስት ክረምት፣ ጨው መላሻ። ዋንዛዋ፣ ጎርፍ የወሰዳት። ራሔልን ያሻገረችው፤ እትዬ ራሔል እዚህ ላይ በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። እያለ እያለ ዘጠነኛዋ ላይ ደረሰ።

«ዘጠነኛዋ ከቀረሮ ናት። ያዕቆብ ጠረባት። ዓይኑ ጠፍቶ ነበርና ችንካሩን አልፎ አሳሳት። መልሶ...»

«አይደለም» አልኩ።

መቆሜን ያወቅሁት ሰው ሁሉ ወደ እኔ ሲዞር ነው። «ሉቃስ፣ እሱ አይደለም ያሳሳት። ችንካሩን በጣቱ እየዳሰሰ አሳምሮ ያውቅ ነበር። እኔ ነኝ በሞረድ ሞርጄ ያጠፋሁበት። የዚያን ቀን ለእኔ ብሎ ነው ዓይኔ ነው ያለው። እኔ ዝም አልኩ። እሱ ልኩን የሳተ ጠራቢ አይደለም።»

አቶ በላይ መሬት መሬት ያያል። የሰዉን ፊት ማየት ፈርቼ ወደ እትዬ ራሔል ዞርኩ። ይቅርታ ልላት ነበር። እጇን ዘርግታ ቀሚሴን ይዛ አጠገቧ አስቀመጠችኝ።

«ያን ዕለት ማታ ነው የነገረኝ» አለች፣ ሁሉም እንዲሰማ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። «ለሌላ ሰው እንዳትናገሪ አለኝ፤ አልተናገርኩም። አንቺ እንድትናገሪ ነው የደወልኩልሽ።»

ከዚያ ወደ ሉቃስ ዞራ በአገራቸው ቋንቋ አንዲት ቃል አለችው። ሉቃስ ዓይኑን በእጁ ጀርባ ጠረገ። ሳያልቅ የተቋረጠ ጥሪ ከመሃል አይቀጠልም፤ ሾላዋ ላይ ተመልሶ እንደገና ጀመረ። ሦስት ክረምት፣ ጨው መላሻ። ጎርፍ የወሰዳት። ራሔልን ያሻገረችው። ሰዉ አሁንም ከቦታው አልተነቃነቀም፤ እንዲያውም ዘጠነኛዋ ስትቃረብ ጥቂት ሴቶች ጠጋ ጠጋ አሉ። ከእነሱ ውስጥ በዚያ ገበታ ላይ ተኝተው የተሻገሩትን በመልካቸው አውቃቸዋለሁ።

«ዘጠነኛዋ ከቀረሮ ናት» አለ ሉቃስ። «ያዕቆብ በጣቱ ጠረባት። ሲስተር ለሴቶች አዝና አሳሳቻት። ያዕቆብ በአሮጌዋ ሆድ ጠገናት፤ ጥፋቱንም ወሰደላት። እሱን ራሱን አሻግራለች። አሁንም ውኃ ላይ ናት።»